«ይግቡ» ከማለታችን በፊት

ይህችን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ ቢየርቪካ በሚገኘው በደይክማን ቤተ መጻሕፍት ላይኛው ፎቅ ተቀምጬ ነው። ኦስሎን የሚያውቅ ቦታውን አያጣውም። ከዋናው ባቡር ጣቢያ በባሕሩ በኩል ሲወጡ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ነጩ የኦፔራ ቤት ይታያል፤ ቤተ መጻሕፍቱም አጠገቡ ነው፣ በ2020 የተከፈተ። ወንበሩም ሙቀቱም ነፃ ስለሆነ እኛ አበሾች በተለይ በክረምት እንወደዋለን። (ቡናው ግን ነፃ አይደለም፣ ዋጋውም ለወሬ አይመችም።)

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። በሆስፒታል፣ በፍርድ ቤት፣ በፖሊስ ጣቢያም ከኖርዌይኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኖርዌይኛ እመልሳለሁ። በሥራዬ የሰማሁትን ለማንም አልናገርም፤ የሙያው ግዴታ ነውና እዚህም አላነሳውም። የምነግራችሁ በገዛ ቤቴ የሆነውን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። የምኖረው ከቢየርቪካ የባቡር ሐዲዱን ተሻግሮ ባለው በግረንላንድ ሰፈር፣ ሁለት መኝታ ክፍል ባላት አፓርታማ ነው። አንዱን ክፍል ለአንድ ወጣት የአገሬ ልጅ አከራይቼ በደባልነት እንኖር ነበር። «ጋሼ» ይለኛል፤ እኔም እንደ ልጄ አየዋለሁ። በሩን ስከፍት ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል፣ ትሁቶች ናቸው። ስለ ተሰረቁ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች እንደሚመረምሩና የልጁ ስም እንደተነሳ ነገሩኝና «ገባ ብለን ብናይ ቅር ይልዎታል?» አሉኝ። ልጁ ሥራ ላይ ነበር። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ኧረ ግቡ፣ ምን ችግር አለ!» ጫማችሁን እንዳታወልቁ ብዬም ለመንኳቸው። አንደኛው አንድ ወረቀት አውጥቶ እንድፈርም ሰጠኝ። ፈረምኩና ቡና ላፈላ ወጥ ቤት ገባሁ።

ያ ወረቀት ብርበራ ለመፍቀድ የሚፈረም ወረቀት ነበር። በውስጡ ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ በአማርኛ አውቃቸዋለሁ፤ እንጀራዬ ናቸውና። ለራሴ ሲመጣ ግን አላነበብኩትም።

ብስክሌት አልተገኘም። ከልጁ ክፍል ላፕቶፑንና አንድ አሮጌ ስልክ ይዘው ሄዱ። ጉዳዩ ከሰባት ወር በኋላ ማስረጃ የለም ተብሎ ተዘጋ፤ ልጁ ግን ከዚያ አስቀድሞ ቤቴን ለቆ ነበር። ሲወጣ ያለኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ጋሼ፣ እነሱስ ሥራቸውን ነው የሠሩት። እርስዎን ግን የእኔን ክፍል ማን ይስጡ አለዎት?»

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ከዚያ በኋላ ግን ሕጉን እየፈለግሁ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያነበብኩትንም እነሆ። (ዓመተ ምሕረቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የኖርዌይ ሕገ መንግሥት ሜይ 17 ቀን 1814 በአይድስቮል ሲጸድቅ በአንቀጽ 102 አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ነበረችው፤ መልእክቷም ከወንጀል ጉዳይ በቀር የሰው ቤት አይበረበርም የሚል ነው። በአንቀጽ 96 ደግሞ እያሠቃዩ መመርመርን ከለከለ። (ይኸው ሰነድ በአንቀጽ 2 አይሁዶች ወደ አገሩ እንዳይገቡ ያገደ፣ እገዳውም እስከ 1851 የቆየ መሆኑን የማነሳው ነገሩን ከነጉድፉ እንድናየው ነው። ለነጮቹ ሁሉ ነገር ከመጀመሪያው የተሟላ ነበር የሚለውን የስደተኛ ወሬ አልወደውም።) ሁለት መቶኛ ዓመቱ በተከበረበት በ2014 ማሻሻያ ተደርጎ አንቀጽ 102 ሰፋ። የግልና የቤተሰብ ሕይወት፣ የመኖሪያ ቤትና የመልእክት ልውውጥ መከበር ተጨመረበት። የጥንቷ ዐረፍተ ነገር ግን ቦታዋን አልለቀቀችም።

ዝርዝሩ የሚገኘው በ1981 በወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ነው። የአንድን ሰው ቤት ለመበርበር ሰውየው በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ስለመፈጸሙ በቂ የጥርጣሬ ምክንያት መኖር አለበት። የኖርዌይ ፍርድ ቤቶች «በቂ» የሚሉት አልፈጸመም ከሚለው ይልቅ ፈጽሟል የሚለው ሲያመዝን ነው። «ስሙ ተነስቷል» ብቻውን እዚያ ላይደርስ ይችላል። ይህ አንዱ ገደብ ነው። ሁለተኛው ገደብ ማን ይፍቀድ የሚለው ሲሆን በአንቀጽ 197 ይገኛል። ደንቡ ፍርድ ቤት ነው። መዘግየቱ ጉዳት የሚያመጣ ከሆነ ዐቃቤ ሕግ ሊያዝ ይችላል፤ እዚህ አገር ደግሞ በፖሊስ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠሩ የሕግ ባለሙያዎች የዐቃቤ ሕግ ሥልጣን ስላላቸው ትእዛዙ ሩቅ አይደለም። ከእነዚህ ሌላ አንድ መንገድ አለ፦ የሚመለከተው ሰው በጽሑፍ ሲስማማ። የእኔ ፊርማ ማለት ነው። ዳኛ ሳይጠየቅ የሚታለፈው በዚህ ነው።

«የሚመለከተው ሰው» የምትለዋን ሐረግ አንድ የማውቀው ጠበቃ ከቡና ላይ ሆኖ አስምሮ አሳየኝ። ሳሎኑን፣ ወጥ ቤቱን፣ የራሴን ክፍል መፍቀድ እችላለሁ። ልጁ ኪራይ ከፍሎ የያዘው ክፍል ግን የእሱ ቤት ነው፤ ልፈቅድ የማልችለውን ነው የፈቀድኩት። «ታዲያ ላፕቶፑ በማስረጃነት ውድቅ ይሆን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1961 በማፕ መዝገብ ላይ ከወሰነ ወዲህ ሕገ ወጥ ብርበራ ያመጣው ማስረጃ በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶችም በደንቡ ከችሎት ይወጣል። የኖርዌይ ዳኛ ግን ጥሰቱ ምን ያህል ከባድ ነው፣ ወንጀሉስ ምን ያህል ከባድ ነው ብሎ ይመዝናል፤ ብዙ ጊዜም ማስረጃው ይቀራል። ስለዚህ እዚህ አገር ስሕተቱን በኋላ ፍርድ ቤት ያርመዋል ብሎ መተማመን አያዋጣም። ዋናው ቦታ በሩ ላይ ነው።

ትሁት ፖሊስ ባለበት አገርም ገደቡ ሊታለፍ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2021 የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ለፖሊስ በጻፈው መመሪያ፣ ሰው ለራሱ ጥቂት አደንዛዥ ዕፅ ተጠቅሟል ተብሎ ብቻ ቤቱና ስልኩ እንደ ተራ ነገር ሊፈተሽ እንደማይገባ አስታወሰ፤ እርምጃው ከጥፋቱ ጋር መመጣጠን አለበት ሲል። ለዓመታት በብዙ ቦታ የተለመደው አሠራር ከሕጉ ጋር አልገጠመም ነበር። ይህን ያወጡት የራሳቸው ሰዎች መሆናቸውን ግን ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ አገር ቤት ልሻገር፤ የእኔ ፊርማ ሥሩ ያለው እዚያ ነውና።

ብዙዎቻችን «እኛ ጋ እኮ ሕግ የለም» ማለት ይቀናናል። ሕጉስ አለ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት እንኳ ሕግ ከፈቀደው በቀር የሰው ቤት እንዳይበረበር ደንግጎ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ማንኛውም የኢትዮጵያ ሕግ ተማሪ የሚያውቃቸውን አንቀጽ 32 እና 33 ይዟል። ቤት የሚበረበረው የፍርድ ቤት ማዘዣ ሲኖር ነው። ያለ ማዘዣ የሚፈቀደው ወንጀለኛ ሲባረር ሮጦ የገባበት ቤት ሲሆን፣ ወይም ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ዕቃ ተደብቋል ተብሎ ማዘዣ እስኪመጣ ሊሸሽ ይችላል የሚያሰኝ በቂ ምክንያት ሲኖር ነው። ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካላዘዘ በስተቀር ብርበራው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደረጋል፤ ሌሊት በር ማንኳኳት የለም። የተያዘን ሰው ሰውነት የሚፈትሽም የዚያው ፆታ ሰው ይሁን ይላል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 26 መኖሪያ ቤትን፣ ሰውነትንና ንብረትን ከብርበራ ይጠብቃል፤ ደብዳቤና ስልክም አልቀሩም።

እንዲያውም በአንዳንድ ነገር የእኛ ወረቀት ከኖርዌዩ ይጠብቃል። በኢትዮጵያ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። እዚህ ግን ሕገ መንግሥቱ «በተቻለ ፍጥነት» ይልና ሥነ ሥርዓቱ ከተያዘበት ቀን በኋላ እስከ ሦስተኛው ቀን ይፈቅዳል። በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል ማስረጃ እንደማይሆን የእኛው አንቀጽ 19 በሕገ መንግሥት ደረጃ በግልጽ ይናገራል። ይህን ለኖርዌይ ወዳጆቼ ስነግራቸው አያምኑኝም። ቀጥለው የሚጠይቁትን ግን አውቀዋለሁ።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን በሌላ ወረቀት ማንሳት የተለመደ ስለሆነ ነው። የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 ለፖሊስ ድንገተኛ ፍተሻን ፈቀደ፤ ተጠርጣሪን ለምርመራ በየ28 ቀኑ እየተቀጠረ እስከ አራት ወር ማቆየት ተቻለ። በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1176 እስኪተካው ድረስ ስንት ጋዜጠኛና ጦማሪ እንዳለፈበት አንባቢ ያውቃል። በአዲስ አበባ ማዕከላዊ ይባል የነበረው የምርመራ ቦታ በ2018 ተዘጋ። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል ጉዳይ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝንና መፈተሽን ፈቅዶ፣ አንዴ ተራዝሞ፣ በጁን 2024 ጊዜው አለፈ። የአዋጁ ጊዜ ቢያልፍም ሰው በሩ ሲንኳኳ የሚሰማው ነገር አብሮ አያልፍም።

እኔ ይህን የተማርኩት በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ የተደረገበት ጊዜ ነው፤ ገና ልጅ ነበርኩ። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች እኛ ቤት ሲደርሱ እናቴ ምንም ሳይጠይቋት ፍራሹን ራሷ ገለበጠችላቸው። ሣጥኑን ከፈተች፣ የሽሮውን ቆርቆሮ ሳይቀር ክዳኑን አንስታ አሳየች። ከዚያ ውኃ አቀረበችላቸው። ሲወጡ «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው። ብልህ ሴት ነበረች። በዚያን ቀን ሌላ ምን ማድረግ ትችል ነበር? እኔ ግን ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቼ፣ አራት ሺህ ያህል ማይል ርቄ፣ «ቅር ይልዎታል?» ብለው ለጠየቁኝ ሁለት ሰዎች የእናቴን ፍራሽ ገለበጥኩ።

ፖሊሶቹን አልወቅስም። ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ጥያቄ ጥያቄ መሆኑን፣ ጥያቄም «አይ» የሚባል መልስ እንዳለው የማላውቅ ሆኜም አይደለም። ቢያንስ ግን ሦስት ነገር ማለት እችል ነበር፦ የፍርድ ቤት ወይም የዐቃቤ ሕግ ውሳኔ ይዛችኋል? ከሌለ አልፈቅድም፤ ካለ ደግሞ አሳዩኝ። ሕጉ ውሳኔው እንዲነበብ ወይም እንዲታይ፣ የጽሑፍ ውሳኔ ከሌለም ጉዳዩ ምን እንደሆነና ብርበራው ለምን እንደሚደረግ እንዲነገር ያዛል፤ በተቻለ መጠንም ምስክር እንዲገኝ። የተወሰደው ዕቃ በዝርዝር ይመዘገባል፤ ባለ ዕቃው መያዙን ተቃውሞ ፍርድ ቤት እንዲወስንለት መጠየቅ ይችላል። «አልፈቅድም» ማለት ግን በሩ ላይ ቆሞ መታገል አይደለም። ውሳኔ ይዘው ከመጡ መንገድ መልቀቅ ነው፤ ክርክሩ ለጠበቃ ይቀራል።

ልጁ በማግሥቱ ለምርመራ ተጠራ። እዚህ ላይ በሙያዬ ስለማውቀው አንድ የትርጉም ችግር ላንሳ። የኖርዌይ መርማሪ ምርመራውን ሲጀምር ጉዳዩ ምን እንደሆነ ለተጠርጣሪው ይነግረዋል፤ ቃል የመስጠት ግዴታ እንደሌለበትም ይነግረዋል። ይህን «ቃልዎን የመስጠት ግዴታ የለብዎትም» ብለን እንመልሰዋለን። ትርጉሙ ልክ ነው። አማርኛ ሰሚ ጆሮ ላይ ሲያርፍ ግን ሌላ ይሆናል። ታላቅ ሰው ሲጠይቅ ዝም ማለት ወይ ንቀት ነው፣ ወይ ጥፋትን ማመን። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» የምንለውም ለሐሜት እንጂ ለመርማሪ አልነበረም። ስለዚህ ሰውየው መብቱ ይነገረዋል፣ በአክብሮት ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያም ከልደቱ ጀምሮ ይተርካል።

ልጁም እንዲሁ አደረገ፤ ራሱ ነው የነገረኝ። የማያውቃቸውን ብስክሌቶች ለማስረዳት ሲል የሚያውቃቸውን ጓደኞቹን ሁሉ ስም ጠራ። አንዱ ጓደኛው እስከ ዛሬ አያናግረውም። በዚህ አገር ለፖሊስ ቃል የመስጠት ግዴታ ማንም የለበትም፣ ምስክርም ቢሆን። ምስክር በፍርድ ቤት ግን መመስከር አለበት። ሐሰት መናገር ደግሞ ምስክርን ያስቀጣል። ተጠርጣሪ ስለ ራሱ ቢዋሽ ለውሸቱ ብቻ አይቀጣም፤ ንጹሕ ሰው በሐሰት ከወነጀለ ግን ይቀጣል። ዝምታም ዋጋ የለውም አልልም። በችሎት ተከሳሹ አልመልስም ሲል ሊከብድበት እንደሚችል ዳኛው ሊያስታውሰው ይችላል። በሌላ በኩል ያመነ ሰው የቅጣት ቅናሽ ያገኛል። ለዚህ ነው ከመናገርም ዝም ከማለትም በፊት ጠበቃ ማናገር የሚሻለው። ጠበቃ በማንኛውም ደረጃ መያዝ ይቻላል። በመንግሥት ወጪ የሚመደበው ግን የተያዘው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እንደማይለቀቅ ግልጽ ሲሆን ነው። እንደ ልጁ ተጠርቶ፣ ሁለት ሰዓት ተናግሮ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ ከጎኑ ማንም የለም፣ እንደ እኔ ካለ አስተርጓሚ በቀር። አስተርጓሚ ደግሞ ምክር መስጠት አይችልም።

አስተርጓሚ ማግኘት ውለታ አይደለም። በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የአስተርጓሚ ሕግ ለሕግ ዋስትና ሲያስፈልግ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ልጆችን ማስተርጎምን ደግሞ ከጥቂት ሁኔታ በቀር ይከለክላል። የአሥር ዓመት ልጇን በር ላይ አቁማ ከፖሊስ ጋር የምትነጋገር እናት ካለች «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» የምትለዋን አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ በኖርዌይኛ ብትይዝ ይበቃታል።

በትሁት ምርመራ ውስጥም ሰው ያላደረገውን ሊያምን እንደሚችል ኖርዌይ የተማረችው በራሷ ዜጋ ነው። በ1995 በካርመይ ደሴት አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ተገደለች። በ1997 የአጎቷ ልጅ ተይዞ፣ ለብቻው ታስሮ፣ ለረጅም ሰዓታት ተመረመረ። አላስታውስም ሲል እንዴት ሊሆን ይችል እንደነበር እንዲያስብ ተደረገ፤ በመጨረሻም አመነ። ማንም አልመታውም። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው። በ1998 የይግባኝ ፍርድ ቤት የአይስላንዱን የሥነ ልቦና ሊቅ ጊስሊ ጉድዮንሶንን አስተያየት ጭምር ሰምቶ በነፃ አሰናበተው፤ የካሣ ክፍያው ፍርድ ግን እስከ 2022 በላዩ ቆየ። ከዚህ በኋላ ነው የኖርዌይ ፖሊስ፣ አስቢየርን ራክሌቭን የመሰሉ መኮንኖች የእንግሊዝን ስልት አይተው፣ ክሬአቲቭ የሚባለውን የምርመራ ሥልጠና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የጀመረው። የእምነት ቃል ማደን ቀርቶ መረጃ መሰብሰብ ሆነ፤ ተጠርጣሪው ሳይቋረጥ ይናገራል፣ ድምፁም ይቀዳል። በ2021 የወጡት፣ በቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት የማሠቃየት ጉዳይ ልዩ መርማሪ በኁዋን ሜንዴስ ስም የሚጠሩት መርሆዎች በብዙው የዚሁ ልጆች ናቸው። በማዕከላዊ ክፍሎች ውስጥ «ቃል ስጥ» ይባል ለነበረ ሰው ይህ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። የካርመዩ ወጣትም ግን ሳይነካ ነው ያመነው።

ልጁን የጠየቁት ሌላው ነገር የስልኩን ቁጥር ነበር። ሰጠ። በዚህ ላይ የኖርዌይ ሕግ ያለው ለየት ያለ ታሪክ ነው። በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፖሊስ የተጠርጣሪን ጣት ይዞ ስልክ ማስከፈት የሚያስችለው ሕግ የለም አለ። በ2017 ፓርላማው ሕጉን ጨመረ፤ ስለዚህ ዛሬ አውራ ጣትህ በግድ ሊያዝ ይችላል። በጭንቅላትህ ያለውን የምስጢር ቁጥር ግን ተጠርጣሪ ከሆንክ እንድትናገር አትገደድም፤ በራስህ ላይ እንድትመሰክር መገደድ ይሆናልና። ብልጥ ሰው ስልኩን በምን እንደሚቆልፍ ከዚህ ይረዳ።

አሁን ደግሞ ወደ ውጭ እንውጣ። ከመስኮቴ በታች ከጣቢያው ወደ ኦፔራው የሚተላለፈው ሰው ብዛት! እንበልና አንድ የእኛ ልጅ ከጣቢያው ሲወጣ ፖሊስ አስቆመው። ስሙን፣ የልደት ቀኑንና አድራሻውን ሲጠየቅ መመለስ አለበት፤ እምቢ ማለት በገንዘብ ያስቀጣል። ዝም የማለት መብት እዚህ አይሠራም፣ ይህን ብዙ ወጣቶች ያምታቱታል። ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ከማን ጋር ነበርክ ለሚለው ግን መልስ የመስጠት ግዴታ የለም። የውጭ ዜጋ ከሆነ መታወቂያ ማሳየት አለበት። የውጭ ዜጎች ሕግ ፖሊስ ሰው የሚያስቆመው የውጭ ዜጋ ነው የሚያሰኝ ምክንያት ሲኖር፣ ጊዜው፣ ቦታውና ሁኔታውም ለቁጥጥር የሚጋብዝ ሲሆን ነው ይላል። ታዲያ «የሚያሰኝ» ምንድን ነው? መልክ ነው? በዙሪክ ባቡር ጣቢያ በ2015 የቆመ፣ ወረቀት አላሳይም ያለ ጥቁር የስዊዘርላንድ ዜጋ፣ መሐመድ ዋ ባይሌ፣ ጉዳዩን እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አድርሶ በፌብሩዋሪ 2024 ረታ፤ አድልዎ ተፈጽሞበታል ተባለ። ኦስሎም በ2022 መጨረሻ ላይ ፖሊስ ለሚያስቆመው ሰው ደረሰኝ የሚሰጥበትን አሠራር በሙከራ ጀምራ ነበር። የት፣ መቼ፣ ለምን የሚል ወረቀት። ይህች ትንሽ ነገር ትመስላለች። ሦስት ጊዜ የቆመ ልጅ ሦስት ወረቀት ካለው ግን የሚያወራው ነገር ከስሞታ ያልፋል።

ሌላው መታወቅ፣ በምስክር ዓይን «እሱ ነው» መባል ነው። አያቶቻችን ለዚህ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። አገሬውን ሰብስቦ ጥፋተኛው ካልወጣ አልለቅም የሚለው አውጫጭኝ፣ ወይም አፈርሳታ፣ አንደኛው ነው። ሌላው፣ አንድ ብላቴና መድኃኒት ጠጥቶ በገመድ እየተመራ ሄዶ የወደቀበትን ቤት ባለቤት ሌባ የሚያደርገው ሌባሻይ ነው። በእሱ ላይ መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን በአሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ በ1984 አንዲት የተደፈረች ወጣት ከፎቶ፣ ከዚያም ከተሰለፉ ሰዎች መካከል ሮናልድ ኮተንን እርግጠኛ ሆና ለየች፤ ነጭ ነበረች፣ እሱ ጥቁር። ከአሥር ዓመት በላይ ታስሮ በ1995 የዲኤንኤ ምርመራ ሌላ ሰው መሆኑን አሳየ። አልዋሸችም፣ ዓይኗ ነው የዋሻት። ሰው ከራሱ ወገን ውጭ ያለን ፊት ለመለየት እንደሚከብደው በጥናት በደንብ የተረጋገጠ ነው። «እናንተ ሁላችሁም ትመሳሰላላችሁ» ብሎ በቀልድ የሚናገር ኖርዌጅያን ባልደረባ ያለው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ለዚህ ነው ተጠርጣሪን ብቻውን ለምስክር ማሳየት አደገኛ የሚሆነው። በመልክ ከሚቀራረቡት ጋር ተቀላቅሎ መታየት አለበት፤ ምስክሩም «ጥፋተኛው ከመካከላቸው ላይኖር ይችላል» መባል አለበት፤ የሚያሳየው መኮንንም ማን ተጠርጣሪ እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል። ከአምስት ኖርዌጅያኖች መካከል አንድ አበሻ ማቆም ከሌባሻይ ብዙም አይርቅም። እንዲህ ያለ ሰልፍ ሲገጥመው ጠበቃውን ጠርቶ በመዝገብ እንዲሰፍር ማድረግ የተጠርጣሪው ድርሻ ነው፤ በኋላ በትዝታ የሚያስረዳው ሰው የለም።

ልጁን በመጨረሻ ያገኘሁት እዚሁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፣ አሁን በድራመን ይኖራል። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «ተወው ጋሼ» አለኝ፣ ቡናም ጋበዘኝ። ወደ ቤቴ ግን ተመልሶ አልመጣም። ላፕቶፑ ተመልሶለታል።

ከዚያ ወዲህ የሚያውቁኝ እናቶች ሲጠይቁኝ ይህንኑ ከላይ ያልኩትን አጫውታቸዋለሁ። ባለፈው ወር አንዲት እማማ ሁሉንም በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ ፊታቸው ቅር አለው።

«እና ዳኛው እስኪፈቅድ ደጅ ይቁሙ? በዚህ ብርድ? ነውር አይደለም?»

«የሕንፃው መተላለፊያ ሙቀት አለው እማማ» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «ወንበር ባወጣላቸውስ?» አሉኝ።

«ወንበር ማውጣት ይችላሉ» አልኳቸው።